የጉኑኖን መንገድ የሚያስረሳ ክኒን

እህቴ ፋንታዬ ስትወለድ አባታችን ወልደመስቀል ጥይት ተኩሶ ነበር። ከብዙ ስለት በኋላ የተገኘች የመጀመሪያ ልጅ ስለነበረች፣ ሴት ብትሆንም ተኮሰላት። እኔ ስወለድ አልተኮሰም። ጥይት አልቆብኝ ነው ይል ነበር፤ እናቴ ግን ነበረው ትላለች። ከዚያ በኋላም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም።

መልኩን የወሰደችው እሷ ናት። ፀጉሯ ተጎንጉኖ ወገቧ ይደርሳል፤ ስትስቅ ሰው ዞሮ ያያል። እኔ አራተኛ ክፍል እያለሁ አባታችን ሞተ፤ በዚያው ዓመት እሷ ተዳረች። በቤታችን የነበረው ሁሉ ለሠርጓ ወጥቶ ስላለቀ እናቴ ከገበያ ገበያ እየዞረች ቅቤ መነገድ ጀመረች። ተሸካሚ ያስፈልጋት ነበር። እኔም ደብተሬን አስቀምጬ ቅሉን ተሸከምኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም ደግሞ ተይ አላለኝም።

ፋንታዬን ያገባት ጩማ የሶዶ ነጋዴ ነው። አቡጀዲና ጨው በአጋሰስ ጭኖ፣ እሱ በበቅሎ ተቀምጦ ጉኑኖ ገበያ ይወርዳል፤ ሲመለስ ቡናና በርበሬ ያመጣል። ረጅም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሰላም ሲል እጅ ጨብጦ የማይለቅ ሰው ነበር። ቤቱ ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲዘንብ በዚያ ቆርቆሮ ላይ የሚያወርደውን ድምፅ ለመስማት ብቻ እህቴ ቤት የማድርበት ጊዜ ነበር፤ የእኛ የሣር ቤት ዝናብን አያሰማም፣ ያፈሳል እንጂ።

እኔ በኋላ ያገባሁት ዳልጮ ሸማኔ ነው። ደህና ሰው ነው። ጠዋት እግሩን ከሽመናው ጉድጓድ ይከታል፣ ማታ ያወጣል። ልውሰደው ብላ የተመኘች ሴት አልገጠመችኝም። ፋንታዬ ታዲያ በከፋት ቁጥር «አንቺ ታድለሻል፣ ሙሉዬ» ትለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ምርቃት ስድብ መሆኑን ተናጋሪው አያውቀውም።

እሷን የከፋት በጩማ በቅሎ ሰበብ ነው።

የጩማ ታናሽ ወንድም ሶርሳ አንድ ቀን በቅሎዋን ተውሶ ጉኑኖ ደርሶ መጣ። በማግስቱ ሁላችንም እህቴ ቤት ምሳ ላይ ሳለን፣ አፉን እንደሞላ እንዲህ አለ፦

«ወንድሜ፣ ይህች በቅሎህ ጉኑኖ ዘመድ አላት ወይ? ያቺ አረቄ ሻጭ ደጃፍ ስትደርስ ተተክላ ቀረች። ብመታት እምቢ፣ ብጎትታት እምቢ!»

ጩማ ሳቀ። ሳቁ ግን ዘገየ። ፋንታዬ ያየችው መዘግየቱን ነው።

«ታዲያ ምን አደረግህ?» አለችው ሶርሳን።

«ምን ላድርግ፣ እትዬ? ወርጄ ጠጣኋ! በቅሎ ካዘዘች ማን እምቢ ይላል?»

ሁሉም ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ሰሐኖቹን አንሥታ ወደ ጓዳ ስትገባ ተከተልኳት። ሰሐኑን እንደያዘች ግድግዳውን ደግፋ ቆማለች።

«ስሟ ማን ይሆን?» አለችኝ።

ስሟ ዓመለወርቅ ነበር። ፋንታዬ ስሙን ለማግኘት ሳምንት አልፈጀባትም። ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ አልነበራትም ማለት እችላለሁ። ከጉኑኖ የሚመጣውን ነጋዴ ሁሉ ቡና አፍልታ ትጠይቃለች። የጩማን ጋቢ ታሸታለች። የበቅሎዋን ኮቴ ጭቃ ሳይቀር ትመረምር ነበር፤ ቀይ ከሆነ ከገበያው መንገድ ነው፣ ጥቁር ከሆነ ከሴትየዋ ጓሮ ነው ትላለች። እህል አልወርድ አላት። ልቧ ያለ ምክንያት ይደልቃል፣ እጇ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ከዓይኗ ጠፋ። ልጅ ሁለት ጊዜ አስወርዷት ስለነበር ሰው ሁሉ በዚያ ተክዛ ነው አለ። እሷም ተይው፣ እንደዚያ ይምሰላቸው አለች። ለልጅ ብሎ ማልቀስ ያስከብራል፤ በአረቄ ሻጭ መቅናት ግን ያሳንሳል።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጩማ ለንግድ አዲስ አበባ ሲወጣ ይዟት ሄደና ሐኪም አሳያት። ሐኪሙ ቢጫ ክኒን በጠርሙስ ሰጣት። የነገራትን ሁሉ ለእኔም ደግማልኛለች፤ ስለዚህ አልነገረኝም ማለት አትችልም። ስትተኚ አንድ ብቻ ዋጪ፤ ጠርሙሱ ሲያልቅ አበቃ፤ በላዩ መጠጥ እንዳትቀምሺ፤ ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ። ይህን ነው ያላት።

ከተመለሰች ከጥቂት ቀን በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ። በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ተቀምጣለች። ፊቷ ተፍታቷል።

«ሙሉዬ፣ ይህ ክኒን ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ስውጠው ጉኑኖን እረሳለሁ። ስሙን ሲጠሩት እንኳ የሩቅ አገር ይመስለኛል። መንገዱም ጠፋኝ፣ ሴትዮዋም ጠፋችኝ።»

ያን ጊዜ እኔ ሁለተኛ ልጄን በጀርባዬ አዝያለሁ፣ ሦስተኛው በሆዴ ነው። ለሀብታም ሴት ሐሳብ እንኳ መድኃኒት ተሠርቶለታል ብዬ አሰብኩ።

«ለእኔም አንድ ስጪኝ» አልኳት።

«ለአንቺ ምን ሊያደርግልሽ? ዳልጮ የት ይሄድብሻል?» አለችና ጠርሙሱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ተቀየምኳት። በኋላ ግን እንኳንም አልሰጠችኝ ብያለሁ።

ጠርሙሱ ሲያልቅ ጉኑኖ ተመልሶ መጣ፤ ያውም ከፊተኛው ብሶ። እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እሷም መድኃኒቱን ስላቆምኩ ነው አላለችም፤ ጩማ ስለባሰበት ነው አለች። ከገበያው በታች ደገፉ የሚባል፣ ጦር ሠራዊት ውስጥ ድሬሰር፣ ማለት የሐኪም ረዳት፣ የነበረ ሰው ነበር፤ መድኃኒት በሣጥን አስቀምጦ ከቤቱ ይሸጣል። ባዶውን ጠርሙስ ይዛ ሄደች። ተከትያት ነበርና የተባባሉትን ሰምቻለሁ።

«ይህማ አለኝ» አላት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ዘርግቶ። «የሐኪም ወረቀት ይዘሻል?»

«ወረቀቱ አዲስ አበባ ቀረ።»

«ቅቤስ?»

«ቅቤ አለኝ።»

«ታዲያ ወረቀቱ እዚያው ይቅር!»

ሁለቱም ተሳሳቁ። ከዚያ በኋላ ቅቤው እየሄደ ክኒኑ ይመጣ ጀመር። አንዱ ለማታ የነበረው ጠዋትም ተጨመረ። ጠዋትና ማታ የነበረው ሁለት ሁለት ሆነ፤ አንዱ አልይዝ አለኝ ትል ነበር፣ ልክ እንደ ላላ ቋጠሮ። ምላሷ ከበዳት። ወጥ ጥዳ ትረሳለች። የጎረቤት ሴት ሞታ ልቅሶ ተቀምጠን ሳለ፣ ሴቶቹ ደረት እየደቁ ሙሾ ሲያወርዱ እሷ በደረቅ ዓይን ተቀምጣ ቆየችና ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። በክርኔ ብጎስማት ዓይኗን ገልጣ ፈገግ አለች። በአገራችን ከዚያ የሚከፋ ነገር የለም።

«የቆርቆሮ ቤት እመቤት እንባዋንም ቆጠበች» ብላ አንዷ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። አፈርኩ። እውነቱን ለመናገር ግን የተሰማኝ ሌላ ነገርም ነበር፤ ፋንታዬን ሰው ሲያማት በሕይወቴ የሰማሁት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

እንዲህ እያለ ጊፋታ ደረሰ። ለወላይታ ዘመን መለወጫ ወንዶች በሬ በማኅበር ይገዛሉ፣ ሴቶች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ቅቤ ያጠራቅማሉ። ጎበዝ ሴት የምትታወቀው በዚያን ቀን በምታወጣው ቅቤ ነው። የፋንታዬ ግማሹ ደገፉ ቤት ሄዷል፤ ቢሆንም የቀረውም ከእኔ ይበልጥ ነበር። በሬው በታረደ ማግስት በጓሮ በር ብቅ ብትል ጩማ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር በኮባ ቅጠል ሲጠቀልል አየችው። ከሥጋው ሻኛውን ቆርጦ ነው። ከሻኛው ጎን ደግሞ ቅቤ ነበር። የእሷ ቅቤ። ጥቅሉን በኮርቻው ከረጢት ከተተው።

«ዓመቱን ሙሉ የናጥኩትን እሷ አናቷ ላይ ልታቀልጠው ነው» አለችኝ በኋላ። «ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ክኒኑ ውስጤ ስለነበረ ጩኸቱ አልመጣም። ቆሜ ብቻ አየሁት።»

እዚያው ቆማ ሳለች ነው ሐሳቡ የመጣላት። እኔ ይህን ስውጥ ጉኑኖን እረሳለሁ። እሱም ቢውጠው ጉኑኖን ይረሳል። ይኸው ነው። ሌላ ተንኮል አልነበራትም። በእኛ አገር ባል ሲያፈገፍግ ሴቶች መስተፋቅር ፍለጋ ደብተራ ዘንድ ይሄዳሉ፤ ሥር ይሰጣቸዋል፣ አመድ ይሰጣቸዋል፣ በወጥ ያበሉታል። እሷ ግን ፈትና ያየችው መድኃኒት በእጇ አለ፤ ሐኪም የሰጠው፣ በራሷ ልብ ላይ የሠራ። ደብተራ ምን ያደርግላታል?

የበዓሉ ሥጋ ገና አላለቀምና ጩማ በየጠዋቱ ጥሬ ሥጋ፣ ሥጋው ሲያልቅም ቂጣ፣ በዳጣ ይበላ ነበር። ዳጣችንን የቀመሰ ያውቀዋል፤ ቃሪያው፣ ዝንጅብሉና ነጭ ሽንኩርቱ ምላስ ያቃጥላሉ፤ ሌላ ነገር ቢገባበት አይታወቅም። በገበያው ቀን ጠዋት አንድ ክኒን ወቅጣ ከዳጣው ቀላቀለችለት። ጩማ በልቶ ትንሽ ልረፍ ብሎ ጋደም እንዳለ እስከ ቀትር ተኛ።

እየሮጠች ነው እቤቴ የመጣችው።

«ሙሉዬ! ጩማ ገበያ አልሄደም! ተኝቷል! እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ ተኝቷል!»

«ታሟል እንዴ?»

«ምን ይታመማል? ቤቱ ጣፍጦት ነው እንጂ!»

ጉንጯ ቀልቷል። እንደ ሙሽራ ነበረች። ዳልጮ ከጉድጓዱ ሆኖ ቀና ብሎ አያትና መልሶ መወርወሪያውን ወረወረ። እኔም ባሌ በገበያ ቀን ቤት ስለዋለ በደስታ የሮጥኩበትን ጊዜ ለማስታወስ ሞከርኩ። የለም። ዳልጮ ሁልጊዜ ቤት ነው። ክኒኑን እንዳበላችው ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ ሁሉንም የነገረችኝ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ገበያ አንዱ አልበቃም። ጩማ ራሱን እየነቀነቀ፣ ከበደኝ እያለ፣ አጋሰሶቹን ጭኖ ሄደ። እሷም አንድ ክኒን ለእኔም አልይዝ ብሎኝ ነበር ብላ አሰበች። ለሦስተኛው ገበያ፣ በዋዜማው ማታ ከጠርሙሱ ክኒን አፍሳ ወቀጠችና ዳጣው ውስጥ ጨመረችው። ከዚያ የራሷን ዋጠችና ተኛች። ጠዋት ስትነሣ ማድረግ አለማድረጓ ጠፋባት። የጨመረች ይመስላታል፤ ያላደረገች ይመስላታል። ይህን ነው ሰው የማያምናት፤ እኔ ግን አምናታለሁ፤ ምክንያቱም በዚያ ሰሞን የራሷን ምሳ በልታ እንደሆን እኔን ትጠይቀኝ ነበር። እንደገና ወቅጣ ጨመረች።

ጩማ በችኮላ በልቶ በበቅሎዋ ላይ ወጣ። እሷ በሩን ዘግታ ተመልሳ ተኛች።

መንገድ ላይ የሆነውን ያወቅነው ከዓመለወርቅ አፍ ነው። ጩማ ጉኑኖ ሲቃረብ በኮርቻው ላይ ሆኖ አንቀላፍቷል። አጋሰሶቹ ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ወደ ገበያው አለፉ። በቅሎዋ ግን ወደለመደችው ደጃፍ ታጠፈችና ቆመች። ዓመለወርቅ ስትወጣ አንገቱ ደረቱ ላይ ወድቆ፣ ልጓሙን ለቆ አገኘችው። አውርዳ አስገባችው። ብርድ መትቶታል ብላ፣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አረቄ በመለኪያ አጠጣችው፤ ትንሽ ነቃ ሲል ደገመችው። ከዚያ በኋላ ብትጠራው አልሰማ፣ ብትነቀንቀው አልነቃ አለ። ጮኸች። ሶርሳ ገበያ ላይ ስለነበር ደርሶ ወንድሙን በቃሬዛ አስጫነ። ወጣቶች እየተቀባበሉ ሶዶ ኦቶና፣ ከሚሲዮኑ ሐኪም ቤት አደረሱት። እሷም ነጠላዋን መሬት እየጎተተች ከቃሬዛው ኋላ መጣች።

ለእኛ ሰው ተላከ። ፋንታዬን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ፣ እጇን ይዤ ወጣሁ። በመንገድ ሁሉ በሌላው እጇ ደረቷን እንደያዘች ሄደች። ከድንጋጤ መስሎኝ ነበር።

ስንደርስ በሐኪም ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር ሰው ተሰብስቧል። መሐል ላይ አንዲት ሴት መሬት ተቀምጣለች፤ ሶርሳና ሌላ ሰው ዱላ ይዘው ቆመውባታል።

«አብልታው ነው!» ይላል ሶርሳ። «በእሷ ቤት ነው የወደቀው! ፖሊስ እስኪመጣ ከዚህ ንቅንቅ የለም!»

«አረቄ ብቻ ነው የሰጠሁት!» ትላለች ሴትዮዋ። «ገና ሲመጣም ዓይኑ አልተገለጠም! በቅሎዋ ናት ያመጣችልኝ! በቅሎዋን ጠይቁ!»

ከወዲያ አንድ ሰው ሊስቅ ሲል አፉን ያዘ።

ፋንታዬ ቆማ አየቻት። እኔም አየኋት። ዓመለወርቅ ከእህቴ በዕድሜ ትበልጣለች። ጥርሷ ገጠጥ ያለ ነው፣ እጇ በእሳት የተለበለበ የሠራተኛ እጅ ነው። ስለ እሷ ስንት ዓመት ስናወራ የሠራናት ሴት ሌላ ነበረች።

«በዚች ነው?» አለችኝ ፋንታዬ በጆሮዬ። «ሙሉዬ፣ በዚች ነው?»

ቆንጆ ብትሆን ኖሮ የሚቀላት ይመስለኛል።

ዓመለወርቅ እህቴ ማን መሆኗን ወዲያው አወቀች። በጉልበቷ ተነሥታ የቀሚሷን ጫፍ ያዘች።

«እትዬ፣ ስለ ማርያም፣ እርስዎ ይመስክሩልኝ። ከቤትዎ ሲወጣ ደህና ነበር?»

ጥያቄው ቀላል ነው። እህቴ አልመለሰችም። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር እንዳለ የገባኝ።

ከውስጥ ቶማ የሚባለው አስተርጓሚ ወጣ፤ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፣ ለፈረንጁ ሐኪም ያስተረጉማል።

«የቤት ሰዎች እናንተ ናችሁ? ሐኪሙ ወባ ነው ወይስ ሌላ ብሎ ተቸግሯል። ትንፋሹ እየራቀ ነው። ዛሬ ምን በላ? ምን ጠጣ? የምታውቁትን ንገሩኝ።»

«እሷን ጠይቃት!» አለ ሶርሳ በዱላው እያመለከተ።

«ጠይቀናታል። አረቄ ብቻውን እንዲህ አያደርግም ይላል ሐኪሙ።»

«ታዲያ መርዝ ነዋ! ይኸው፣ ራሱ መሰከረ!»

አሁን ሳስበው ፋንታዬ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ነገር በእጇ ገብቶ አያውቅም። ዝም ብትል ዓመለወርቅ እስር ቤት ትገባለች። ጩማ ከዳነ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከእንግዲህ ጉኑኖ የሚባል የለም። ከሞተም ባሏ ሞቶባት ሰው የሚያለቅስላት የተከበረች ሚስት ናት፤ ያቺ ገዳይ ናት። ስንት ዓመት የለመነችው ሁሉ በአንድ ዝምታ ሊሰጣት ነው። ከተናገረች ግን ሁሉም ይሄዳል።

ቶማ ተስፋ ቆርጦ ወደ በሩ ዞረ።

«አረቄው አይደለም» አለች ፋንታዬ።

ከጡቷ ሥር ጠርሙሱን አወጣች። «ይህን ነው የበላው። በዳጣ። እኔ ነኝ ያበላሁት።»

«ስንት ፍሬ?»

«አላውቅም።»

«ሴትዮ፣ ሰው እየሞተ ነው! ስንት?»

«ማታም ጠዋትም ጨምሬበት መሰለኝ።»

«መሰለኝ?»

«ረሳሁት» አለችና እንደ ልጅ ማልቀስ ጀመረች። ለልቅሶው ያልመጣው እንባ ሁሉ ያን ቀን ወረደ። ቶማ ጠርሙሱን ነጥቆ ሮጠ።

ሶርሳ ዱላውን ዝቅ አደረገ። ዓመለወርቅ ግን ከመሬት ተነሣች፣ ነጠላዋን አራገፈች፣ ከእህቴ ፊት ቆመች።

«እግዜር ይስጥዎ» አለች። ወዲያው በዚያው ትንፋሽ፣ «አንቺ ጅብ!» አለቻት።

ሐኪሙ ጨጓራውን አጠበ፤ በጎኑ አስተኝቶ፣ ምላሱ እንዳይታጠፍ ሰው አጠገቡ አስቀምጦ፣ ትንፋሹን ሲያዳምጥ ዋለ አደረ። ቶማ ያስረዳን እንዲህ ብሎ ነው፦ ይህ መድኃኒት በልኩ ለተሰጠው ሰው መልካም ነው፤ ከልክ ሲያልፍ ያደክማል፤ አረቄ ሲጨመርበት ግን ሁለቱ ተባብረው ሰውን መተንፈስ ያስረሱታል። ወባ ነው ተብሎ መርፌ ተወግቶ ብቻውን ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ሲነጋ አናገኘውም ነበር አለ።

ጩማ በማግስቱ ዓይኑን ገለጠ። ፋንታዬ በአንድ ወገን፣ ዓመለወርቅ በሌላ ወገን ተቀምጠዋል፤ እኔ ከእግሩ በኩል ነኝ። የሁለቱም አንገት ወደፊት ተሰገገ፤ የማንን ስም ይጠራ ይሆን ብለው።

«በቅሎዬስ?» አለ።

ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገሩ ፖሊስ ዘንድ ሳይደርስ ቀረ። አባ ሐብተማርያም የሚባሉት ትልቁ ሽማግሌ ብዙ ለመኑት። ሴት ቀንታ ነው፣ ልትገድልህ አይደለም፣ ያተረፈችህም ራሷ ናት አሉት። ጩማ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። «አባቴ፣ ይቅር ብያታለሁ» አለ። «ግን ከእጇ አልበላም።»

ይህን ካለ በኋላ የሚሸመገል ነገር አልቀረም። ከሚስቱ እጅ የማይበላ ባል ምን ባል ነው? ፋንታዬ ልብሷን በአንድ ቁና አድርጋ እኔ ቤት መጣች፤ ጩማ ጉኑኖ ገባ። የቆርቆሮው ቤት ተቆለፈ።

ዳልጮ ብዙ አይናገርም፤ ያን ቀን ግን ከደገፉ ገዝታ በልብሷ መሐል የደበቀችውን ሌላ ክኒን ከቁናው አውጥቶ መጸዳጃ ጉድጓድ ጣለው። «ይህ ነገር እቤቴ አያድርም» አለ። ትክክል መስሎን ነበር። ጥቂት ቀን ሳይሞላ እህቴ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ላብ በላብ ሆነች፣ በግድግዳው ላይ የሌለ ጉንዳን ታያለች፣ ጆሮዋ ላይ በር ይንኳኳል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ወደቀች፣ አረፋ ደፈቀች። ጎረቤት ሁሉ የዓመለወርቅ ድግምት ነው አለ፤ ጠበል ውሰጃት አሉኝ። እኔ ግን ለአንድ ጊዜ እንኳ ራሴን ሰማሁና ኦቶና ወሰድኳት።

«በአንድ ቀን አቁሙ ያላችሁ ማነው?» አለ ቶማ ሐኪሙን እያስተረጎመ። ሰውነት ይህን ነገር ከለመደ ቀስ በቀስ ነው የሚለየው፤ ድንገት የነጠቁት እንደሆነ ይጥላል አለን። ሐኪሙ ራሱ ክኒን ሰጠን፤ በየጊዜው እየቀነስን እንድንሰጣት አዘዘ። ክኒኑን በምላጭ የሚቆርጠው ዳልጮ ነበር። የሸማኔ እጅ አይስትም፤ ግማሹን፣ የግማሹን ግማሽ፣ በመጨረሻ ትንኝ የምታህለውን። ቆርጦ በመዳፉ ያቀርብላታል። «ዋጪ፣ እትዬ፣ ዛሬ ከትናንት አነሰች» ይላታል። እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ። ለእኔ እንደዚያ ተጠንቅቆ የቆረጠልኝ ነገር ትዝ አይለኝም። ባሌ ማንም የማይመኘው ነው ብያለሁ፤ እሷ አልተመኘችውም፤ እኔ ግን ቀናሁ።

ለብዙ ወራት እንዲህ አደረግን። ክኒኑ አለቀ። ቅናቱ ግን አላለቀም፤ ሳይነካ ቁጭ ብሎ ይጠብቃት ነበር። ዓመለወርቅ ለጩማ ወንድ ልጅ ወለደች ሲባል የሰማች ዕለት ፋንታዬ በሩ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ዋለች። ደገፉ ሱቁን አልዘጋም ነበር፤ መንገዱንም ታውቀዋለች። አልሄደችም።

«አትቀኚም እንዴ?» አልኳት።

«እንዴት አልቀና! ሊገድለኝ ነው» አለች። «ግን ዛሬ የበላሁትን አውቃለሁ፤ ትናንት ያልኩትን አውቃለሁ። ይግደለኝ።»

እንዲህ ሆና እኔ ቤት ኖረች። ምግብ የምትሠራው እሷ ነበረች፤ እጇ ከእኔ ይጣፍጣል፤ ልጆቼም የእሷን ወጥ ነው የሚወዱት፤ ይህንንም ችዬ ኖሬአለሁ። አንድ ክረምት ዝናብ ጥሎ ጩማ ከሶዶ ገበያ ወደ ጉኑኖ ሲመለስ እኛ ደጃፍ ተጠለለ። ዳልጮ ዝናብ ላይ ሰው አያቆምም። «ግባ እንጂ ጩማ» አለው። ፋንታዬ ጓዳ ገባች። ምሳ ቀርቦ ነበር፤ ጩማ እጁን ታጠበ፤ ከዚያ ቆም አለና አየኝ።

«ማን ሠራው?» አለ።

«እኔ ነኛ። በዚህ ቤት ሌላ ማን አለ?» አልኩት።

በላ። እንደ ድሮው እየተጫወተ፣ ዳልጮን እያሳቀ በላ። ፀጉሩ ሸብቷል። «ሙሉመቤት፣ እጅሽ ይባረክ፤ ለካ አንቺም ትችያለሽ!» አለኝና ትንሽ ወጥ ጨምሪልኝ አለ። ሳህኑን ይዤ ጓዳ ገባሁ። ፋንታዬ ግድግዳው ሥር ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ሳህኑን ተቀበለችኝ፣ ከድስቱ ሥጋውን መርጣ ጨመረች፣ መለሰችልኝ።

ዝናቡ ሲያባራ ሄደ። የበቅሎዋ ኮቴ ከደጅ እስኪርቅ ድረስ ከጓዳ አልወጣችም።

«ስለ እኔ ጠየቀ?» አለችኝ።

«አልጠየቀም።»

«ጨምሪልኝ ግን ብሏል።»

«ብሏል።»

የበላበትን ሳህን ከእጄ ወስዳ ራሷ አጠበችው።